የእህቷ ኮት ልክ

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ነው የሚላት። መለኪያዋ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ገበያም ሐኪም ቤትም እንዳንጠለጠለችው ትሄዳለች፤ አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ሳይቀር ይዛው ሄዳ፣ ሰው እየተጠቃቀሰ ሲስቅ ነው ያወቀችው። ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር ግድግዳ የምጋራ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻና የክስ ጽሑፍ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሱቆቻችን ከፍርድ ቤቱ የጓሮ በር ፊት ለፊት፣ አንድ በረንዳ ላይ ናቸው። የእሷ የስፌት መኪናና የእኔ የጽሕፈት መኪና አሥራ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሲንኳኩ ኖረዋል። አንዳችን ስንታመም ሌላው ከዝምታው ያውቃል።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የነገረኝን ብሶት ስጽፍ ኖሬያለሁ። ይህን ግን ያየሁት በዓይኔ ስለሆነ እንደፈለግሁ እጽፈዋለሁ። በታሪኩ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞኝ ሆኜ እገኛለሁ፤ ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔው ባወራው ይሻላል።

የአሠራሯን ነገር ካልተናገርኩ የሚመጣው አይገባም። ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ልኩን ወረቀት ላይ ትነድፋለች፤ ሰፊዎች ፓተርን የሚሉት ነው። ለዚህ የሚሆን ወረቀት ግን ገዝታ አታውቅም። የተረፈ ወይም ጊዜው ያለፈበት ፖስተር ካየች ባለቤቱን ለምና ትወስዳለች፤ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይቀደድም፣ ጀርባው ነጭ ነው። ስለዚህ ግድግዳዋ ላይ በየሚስማሩ ከተሰቀሉት ልኮች አንዱ የሳሙና አረፋ፣ አንዱ የቀለም ቆርቆሮ፣ አንዱ የሰርከስ ዝሆን ግማሽ ፊት አለበት። የኔ ሱሪ የተነደፈው በጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ነው፤ መቀመጫዬ ላይ አንድ የሚያምር ጥርስ ይስቃል።

አንድ ሕግ አላት። ፋብሪካ የቆረጠውን ቀጥ ያለ የወረቀት ጠርዝ መቀስ አታስነካም። የኮት ጀርባ ሲነደፍ ግማሹ ብቻ ነው የሚነደፈው፤ ጨርቁ ታጥፎ ሲቆረጥ ሙሉ ይሆናል። የጀርባው መሃል ከተጣመመ ደግሞ ኮቱ ዕድሜ ልኩን ይጣመማል። እና የጀርባውን መሃልና የፊቱን የቁልፍ መስመር ሁልጊዜ ጫፍ ለጫፍ አድርጋ እዚያ ጠርዝ ላይ ታሳርፋቸዋለች። «እጄ ሊሳሳት ይችላል፤ ፋብሪካው ግን አይሳሳትም» ትላለች። በነጩ ጀርባ ላይ በእርሳስ የባለቤቱን ስም፣ የለካችበትን ቀን፣ ልኩን ሁሉ ትጽፋለች። ለራሷ የምታስቀምጠውም ማስታወሻ አለ፦ «ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል»፣ «ሲለካ ሆዱን ይስባል፣ እንዳታምኚው»። የኔ ላይ «አንገት አጭር፣ ይከራከራል» የሚል አግኝቼ ሦስት ቀን ተኳርፈናል።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ታላቅ እህቷ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ፎልደር በቁጥር የምትደረድር፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተከፈለ የውሃ ደረሰኝ የምታወጣ፣ ማኅተም የሌለበትን ወሬ የማታምን ሴት ናት። ሜትር «እታለም» ነው የምትላት። ይወዳደዱ ነበር፤ ግን አንዷ በእጅ፣ አንዷ በወረቀት የምታምን ስለሆኑ ሲጨቃጨቁ መስማት ራሱ መዝናኛ ነበር።

እናታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከድንጋይ መፍጫው ኮረብታ ጀርባ ብቻቸውን ይኖራሉ። ድሮ እታለም ያወጣችላቸው የስልክ መስመር ነበራቸው። ይንኮሻኮሻል፣ ይቆራረጣል፣ ደረጃው ላይ ወጥተው አንገታቸውን ካላሰገጉ አይሰማም፤ ግን ይሠራል። ከዚያ አዲስ የስልክ ኩባንያ መጣና ከተማውን ፖስተር አለበሰው። ፖስተሩ ላይ ሻሽ ያሰሩ እናት ቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ከላያቸው በትልቁ «የማይደርስበት ቦታ የለም!» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «እናትዎ የትም ይሁኑ፣ ይሰሙዎታል»።

ሜትር ያንን ስታይ እግሯ ተያዘ። በነጋታው የኩባንያው ሱቅ ሄዳ ሻጯን ጠየቀቻት፦ «ከድንጋይ መፍጫው ጀርባስ ይሠራል?»

«የኔ እህት፣ የተጻፈውን አንብቢው እንጂ» አለቻት ሻጯ። «የማይደርስበት ቦታ የለም ነው የሚለው። እኛ ከዚያ በላይ ምን እንበል?»

ሲም ካርዱን ገዛች። እግረ መንገዷንም ልማዷ አይለቃትምና ከተረፉት ፖስተሮች ሁለት ለምና፣ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወጣች። በዚያው ሳምንት እናቷ ዘንድ ሄዳ፣ የድሮውን መስመር ከስልካቸው አውጥታ አዲሱን አስገባችና፣ መንገዱ ዳር ካለው የግቢው በር ላይ ቆማ ሞከረችው። የደወለችው ለእኔ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሰማል?»

«አጠገቤ የቆምሽ ነው የሚመስለው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ቤቱ ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ኮረብታው የሚጋርደው እሱን ነው። አሥር ጊዜ ለክታ አንዴ የምትቆርጠው ሴት የዚያን ቀን አንዴ ለካች፤ እሱንም በር ላይ። እናትየው ደግሞ ቤት ውስጥ እንደማይሠራ በማግስቱ አውቀዋል። ልጃቸው ደስ ብሏት ያመጣችውን አልሠራም ብለው ሊያሳፍሯት አልፈለጉም። መደወል ሲያምራቸው በዝግታ እስከ በሩ እየወጡ ይደውሉና «ጥርት ብሎ ይሰማል» ይሏታል። ይህን ያወቅነው በኋላ፣ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆነው ሲነግሩን ነው።

በሰባተኛው ሳምንት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዘው ሲወርዱ ከጓሮው ደረጃ ወደቁ። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አርባ አንድ ጊዜ ደውለዋል፤ ስልኩ መዝግቦታል፣ አንዱም አልወጣም። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሴት ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ነው ድምፃቸውን የሰማችው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሐኪም ቤት ከረሙ። ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው እታለም የሜትር ሱቅ መጣች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ባልሰማ እወድ ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ!»

«እታለም፣ ማስታወቂያው እኮ የማይደርስበት ቦታ የለም ነው የሚለው።»

«ማስታወቂያ አትበይኝ! እኔም አይቼዋለሁ። ከታች ‹አገልግሎቱ በተመረጡ አካባቢዎች ብቻ› ይላል። አንቺ የፈለግሽውን አንብበሽ ሌላውን ዘለልሽው።»

«በፍጹም! እንደዚያ የሚል ነገር የለውም።»

«ነይ ውጪ! ነይ!»

እጇን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የአውቶቡስ ፌርማታ ወሰደቻት። እኔም ተከተልኩ። ፖስተሩ ላይ እናቲቱ እንደ በፊቱ ይስቃሉ። ከእግራቸው ሥር ግን ጉንዳን የሄደችበት የምትመስል አንዲት ቀጭን መስመር አለች። መነጽሬን አድርጌ አነበብኳት፤ እታለም ያለችው ነው። ሜትር ቀለሟ ተለወጠ። ያን ጊዜ ራሷንም እንደተጠራጠረች ፊቷ ላይ አየሁ፤ ከእህቷ ስድብ ይልቅ ያ ነው አንጀቴን የበላው።

እታለም ተመልሳ ሱቁ ገባች። የራሷን የኮት ልክ ከሚስማሩ አወረደችና ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። «የኔ ልክ እዚህ ቤት አይሰቀልም» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ እህቷን አላናገረቻትም።

እናትየው ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል፣ ሜትር ዘንድ ገቡ። እታለም እናቷን ለመጠየቅ ትመጣለች፤ ግን በጓሮ በር፣ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ጠብቃ። መኪናው ከቆመ «መጣች» ብላ ቶሎ ትወጣለች። አንድ ቀን ሜትር በረንዳው ላይ ለምን እንደሆነ ያልገባኝን ነገር ስትሠራ አየኋት። መርፌው ላይ ክር የለም፣ ከሥሩም ጨርቅ የለም፤ እሷ ግን ፔዳሉን ትረግጣለች።

«ምን እየሰፋሽ ነው?» አልኳት።

«ዝም ይበሉ ጋሼ» አለች በሹክሹክታ። «እማዬ ጋ ናት። ትንሽ ትቆይላት።»

ከዚያ ወዲያ የባዶ መኪና ድምፅ ከሚሰፋው ለይቼ አወቅሁ። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ትነዳዋለች።

በዚያው ወር ነው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ «ክስ ይጻፉልኝ» ያለችኝ።

«በማን ላይ?»

«በስልኩ ኩባንያ።»

ሳቅሁ። የመጀመሪያው ሞኝነቴ ይኸው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰማዩን የሚያርስ ይረሰው፤ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለች። «እታለም በአፌ አላመነችኝም። በማኅተም ታምናለች። መስመሯ ያኔ እንዳልነበረች የሚል ወረቀት ማኅተም አስመትቼ ፊቷ ማስቀመጥ ነው የምፈልገው። እኔ አልዘለልኩም ጋሼ። ሳላነብ ለእናቴ ስልክ የማስይዝ ሰው አይደለሁም።»

ጻፍኩላት። ወሬው ሲሰማ ሌሎች ስድስት ሰዎች ተጨመሩ፤ ጫካ ውስጥ መኪናው ተበላሽቶ ሁለት ቀን የተቀመጠ የጭነት መኪና ሹፌርም ነበረበት። ሁሉም ያንን ፖስተር አይተው ነው የገዙት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን ተደፋፈርን። ኩባንያው ግን ድሩን ክር በክር መዘዘው፤ ክሱን ለሚተው ሁሉ የአንድ ወር ነፃ ደቂቃ እሰጣለሁ አለ። በሁለተኛው ቀጠሮ ሦስት ሰዎች ከክሱ ወጡ። በሦስተኛው ሁለት ተከተሏቸው፤ ሹፌሩም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እኔም ተቀብያለሁ» አላት።

«ደህና አደረግህ» አለችው ያለ ቂም። «ግን የት ቆመህ ነው የምታወራበት?»

ብቻዋን ቀረች።

የኩባንያው ጠበቃ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ችሎት የሚገባ ሰው ነበር። ፖስተሩን ዘርግቶ ያቺን ቀጭን መስመር በብዕር ጫፍ አሳየ። «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደተባለው፣ ከሳሽ ትልቁን አንብበው ትንሹን ከተዉት ጥፋቱ የዓይናቸው ነው። ደግሞም ስልኩን የሞከሩት በር ላይ እንደሆነ ራሳቸው አምነዋል።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው የሚይዙ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። «ከሳሽ፣ ያኔ ተለጥፎ ነበር የሚሉት ፖስተር አለዎት?» አሏት።

«የለኝም፣ ክብርት ዳኛ። ግን አይቼዋለሁ።»

«ማየትዎ ብቻ አይበቃም። የመጨረሻ ቀጠሮ እሰጥዎታለሁ፤ ማስረጃ ካለዎት ይዘው ይቅረቡ። ከሌለ መዝገቡ ይዘጋል።»

ያን ሰሞን ያልፈለገችበት ቦታ የለም። የፌርማታ ጥበቃዎችን ጠየቀች፣ የሱቅ ግድግዳ ላይ ፖስተር በፖስተር የተለጠፈውን በቢላ ላጠች፣ ቆሻሻ ጫኞችን አነጋገረች። ኩባንያው አሮጌዎቹን አንድ በአንድ አንስቷቸዋል። እኔ ተስፋ ቆረጥኩና፣ ለእሷ ያሰብኩ መስሎኝ፣ ክሱን መተዋን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ ሰጠኋት። ሁለተኛው ሞኝነቴ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አገላብጣ አየችውና፣ «ወረቀቱ ደህና ነው፤ ለኪስ ልክ ይሆናል» ብላ በመቀሷ ቆረጠችው።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት እናት ለልጇ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልታሰፋ መጣች። ሜትር የልጁን የአምና ልክ ከሚስማር ስታወርድ ገለበጠችው። ወዲያው ግድግዳው ሊፈርስ እስኪደርስ ደበደበችው።

«ጋሼ! ጋሼ ይምጡ!»

ብሄድ የልጅ ሸሚዝ ልክ ገልብጣ ይዛ ቆማለች። በሸሚዙ ደረት ላይ የሚስቁት እናት አንድ ዓይን አለ።

«ሁለት ነበር የወሰድኩት! ሲም የገዛሁ ቀን፣ ሁለት!»

እኔም መነጽሬን አድርጌ ልኩን ተቀበልኳት። ግን ሸሚዙ የተነደፈው ከፖስተሩ የላይኛው በኩል ነው፤ የታችኛው ቁራጭ ተጥሏል። «ሁለተኛውስ?» አልኳት።

አንድ ባዶ ሚስማር ላይ አፈጠጠች።

«የእታለም ኮት ነው» አለች። «ትልቅ ልብስ ስለሆነ ሙሉውን ፈጅቷል። የጀርባው መሃልና የቁልፉ መስመር የታችኛው ጠርዝ ላይ ነው ያረፉት። ጋሼ፣ ያ ጠርዝ አልተነካም!»

እኔ ሕግ አዋቂው ወዲያው ወረቀት አወጣሁ። «ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን እንድታቀርብ መጥሪያ ይልክላታል። አሁኑኑ እጽፈዋለሁ።»

«እህቴን በመጥሪያ?» አለችኝ። «ይተዉት ጋሼ። ይህን እንኳ አይጻፉት።»

ራሷ ሄደች። የሆነውን ነግራኛለች። እታለም በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል አየቻትና እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለቻት።

«ልክሽን። ኮቱን የነደፍኩበትን ወረቀት።»

«ጣልኩት።»

«እታለም፣ አንቺ ወረቀት ጥለሽ ታውቂያለሽ?»

«አሁን ጀመርኩ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

ሜትር ከዚያ ስትመለስ አላለቀሰችም። መኪናው ላይ ተቀመጠች፣ ክር አስገባች፣ የልጁን ዩኒፎርም ጨረሰች። «ቀጠሮው ይቅርብሽ፣ ምን ልትዪ ነው የምትሄጂው?» አልኳት። «እዚያ ቆሜ አይቻለሁ እላለሁ» አለችኝ። «መዝገቡን ይዝጉት እንጂ አፌን አልዘጋም።»

በቀጠሮው ቀን ሸሚዟን ተኩሳ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ገባች። እናቷም በምርኩዝ መጥተው ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ጠበቃው መዝገቡ እንዲዘጋለት ጠየቀ። ዳኛዋ «ከሳሽ፣ ያገኙት ማስረጃ አለ?» ሲሉ ሜትር አፏን ከፈተች፤ ከመናገሯ በፊት ግን ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሣ።

እታለም ነበረች። ያንኑ ኮት ለብሳለች።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አሉ ዳኛዋ።

«የከሳሽ እህት ነኝ። ወረቀት ላስረክብ ነው የመጣሁት።» ፎልደር ከፈተች። ልኮቹ አንድ በአንድ በፕላስቲክ ሽፋን ተደርገው፣ ጥግ ጥጋቸው ላይ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ይህች ናት እንግዲህ ወረቀት ጣልኩ የምትለው!

ሜትር ጠረጴዛው ላይ ገጣጠመቻቸው። ጀርባውን፣ ፊቱን፣ ሁለቱን የእጅጌ ክፍሎች፣ ኮሌታውን። የፖስተሩ እናት ቀስ በቀስ ተመልሰው መጡ፤ ብብት ብብቱ ጋ ክፍተት አለ፣ ስልኩ እጅጌ ላይ ነው፣ ሳቃቸው ኮሌታው ላይ። ከሥር ጀርባውና ፊቱ ጫፍ ለጫፍ ሲጋጠሙ የፖስተሩ የታች ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆነ። ትልቁ ጽሑፍ አለ። ቀጭኗ መስመር የለችም።

ጠበቃው ተጠግቶ አየ። «ይህ በመቀስ የተቆራረጠ ነገር ነው፤ መስመሩን ቆርጠው አውጥተውት ሊሆን ይችላል።»

«እርስዎ ባመጡት ፖስተር ላይ የማተሚያ ቤቱ ምልክት የት ነው?» አለችው ሜትር።

ዳኛዋ አስቀርበው አዩት። ጥግ ላይ፣ ከቀጭኗ መስመር በታች ነው።

«የኔም ላይ ምልክቱ እዚያው ቦታ አለ» አለች። «ከመስመሩ በታች ያለው ካለ፣ መስመሩን ቆርጬ እንዴት አወጣሁት? ይህ የጀርባ መሃል ነው ክብርት ዳኛ። የጀርባ መሃል የማነሣው ፋብሪካ በቆረጠው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቻለሁ፤ አንድ ጊዜም መቀስ አላስነካሁትም። ካላመኑኝ እህቴ ለብሳዋለች፤ ጀርባዋን ይዩት፣ ይጣመም እንደሆነ።»

እታለም ሳትጠየቅ ዞር አለች። ዳኛዋ የኮቱን ጀርባ ከላይ እስከ ታች አዩት። ቀጥ ያለ ነው።

«ይገልበጥ» አሉ ከዚያ፤ «በስተጀርባ የተጻፈው በሙሉ ይነበብና በመዝገብ ይስፈር።» የችሎቱ ጸሐፊ ተቀብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ቀኑ አለ፤ እናትየው ከመውደቃቸው አምስት ሳምንት በፊት ነው። «እታለም፣ ኮት። ትከሻ አርባ አራት። እጅጌ ስልሳ። ዳሌ መቶ አሥራ ስምንት። በቅንፍ፦ እሷ መቶ አሥራ ሁለት ነው ትላለች፤ ዝም በያት።»

ችሎቱ ሳቀ። ጠበቃው ሳይቀር። ሜትር መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እታለም ይህን ጽሑፍ አንብባዋለች፣ እዚህ እንደሚነበብም ታውቃለች፣ እያወቀች ነው ያመጣችው። እንደ እሷ ላለች ኩሩ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«መቶ አሥራ ሁለት ነው የሚሉት እርስዎ ነዎት?» አሉ ዳኛዋ፤ ፈገግታቸውን መነጽሩ አልሸፈነውም።

«ነበርኩ፣ ክብርት ዳኛ» አለች እታለም። ቀጥላም፣ «አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። እህቴ ልትወስደው ስትመጣ ጣልኩት አልኳት። ዋሽቼ ነው። ቤቴ ገብቼ ዘረጋሁት። ያቺን ቀጭን መስመር በማጉያ መነጽር ፈለግሁ፤ አግኝቼ ላሳያትና አፏን ላስይዛት። ሦስት ጊዜ ፈለግሁ።» ወደ ሜትር ዞረች። «አልነበረችም።»

ሜትር ሜትሯን በሁለት እጇ ጨብጣ አለቀሰች። ጎኔ የተቀመጡት እናት ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ መታ አደረጉና «እኔ የወለድኳቸው ናቸው» አሉኝ፤ የማላውቃቸው ይመስል።

ዳኛዋ የማተሚያ ቤቱን መዝገብ አስቀረቡ። መጀመሪያ የታተመው መስመሩ የለበትም፤ መስመሩ ያለበት የታተመው እናትየው ከወደቁ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ የተባለው ውሸት መሆኑ በማኅተም ተረጋገጠ። ኩባንያው የሕክምናውን ይክፈል፣ ካሳም ይስጥ ተባለ፤ ሜትር ግን ውሳኔው ሲነበብ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። በለጠፈበት ቦታ ሁሉ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው የፊደል ልክ፣ ለሠላሳ ቀን «ያስተዋወቅነው እውነት አልነበረም» ብሎ እንዲለጥፍ ታዘዘ። ሹፌሩ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሲያነበው አይቼዋለሁ። አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ።

ሠላሳው ቀን ያለቀ ዕለት ሜትር የኩባንያው ሱቅ ሄደች። ያቺው ሻጭ ናት። «ከተረፈው አንድ ይሰጡኛል? ወረቀቱ ደህና ነው» አለቻት። ሻጯ ጠቅልላ ሰጠቻት።

በማግስቱ እኔ አንድ ማመልከቻ ላይ እንዳቀረቀርኩ እታለም መጣች። በፊት ለፊት በር ነው የገባችው። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ነበር፤ ቆመ። ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ። አልወጣችም።

«ኮቱ ጠቦኛል» ስትል ሰማሁ።

«ቁሚ እስቲ።» ሜትሩ ከአንገት ሲወርድ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ተሰማኝ። ትከሻ፣ እጅጌ፣ ደረት ተባለ። ዳሌ አልተጠራም።

«ዳሌስ ስንት ነው?» አለች እታለም።

«መቶ አሥራ ሁለት።»

«አንቺ!»

«መቶ ሃያ አንድ።»

«ጻፊው» አለች እታለም።